በ«ሜይ» እና በ«ሻል» መካከል

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ አዳማ የሚወርድ መንገደኛ ዱከምን የሚያውቃት በሥጋ ቤቶቿ ነው። መኪናውን ዳር አስይዞ፣ ኪሎውን አስቆርጦ፣ በአዋዜና በሚጥሚጣ እያጣቀሰ ከበላ በኋላ እጁን ታጥቦ መንገዱን ይቀጥላል። የፍጥነት መንገዱ እ.ኤ.አ. በ2014 ከተከፈተ ወዲህ ደግሞ ብዙው ሰው ከተማዋን በሩቁ እያየ ያልፋል። ዛሬ የማወጋችሁ ግን ስለ ዱከም ሥጋ አይደለም። ስለ አንዲት አጭር የእንግሊዝኛ ቃል ነው። ይህች ቃል እኔን ከአርባ በላይ በሚሆኑ ሰዎች ፊት አሳፍራኛለች፤ እነርሱን ደግሞ አንድ ዓመት ሙሉ በከንቱ አስጠብቃቸዋለች።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይላሉ አበው። ከሥሩ ልጀምር።

በ2000 ዓ.ም. አካባቢ የቻይና ባለሀብቶች ከከተማችን ዳር የምሥራቅ ኢንዱስትሪ ዞንን መገንባት ሲጀምሩ፣ ጤፍና ስንዴ ይበቅልበት የነበረው ሜዳ በአጥር ተከበበ። በጥር 2004 ዓ.ም. ትልቁ የጫማ ፋብሪካ ሥራ ጀመረ፤ ሌሎችም ተከተሉ። ያኔ በዱከም የመብራት ምሰሶዎች ላይ የሚለጠፈው ማስታወቂያ ተለወጠ። ቀድሞ «የሚከራይ ቤት አለ» ይል የነበረው ምሰሶ፣ «ጥሩ የእንግሊዝኛ ችሎታ ያለው/ያላት» የሚል ወረቀት ይለጠፍበት ጀመር። እኔም የሂሳብ አያያዝ ዲፕሎማዬን ብብቴ ሥር ሸጉጬ የምዞር ሥራ ፈላጊ ነበርኩና፣ ያ ወረቀት የተጻፈው ለእኔ መሰለኝ።

ስለዚህ በሳምንት ሦስት ቀን፣ ማታ ማታ፣ ከዱከም ቃሊቲ፣ ከቃሊቲ መሀል አዲስ አበባ በታክሲ እየተሳፈርኩ እንግሊዝኛ መማር ጀመርኩ። ትምህርት ቤቱ በር ላይ የተሰቀለው ሰሌዳ የንግድ እንግሊዝኛን «በትክክለኛው የብሪታንያ አጠራር» እንደሚያስተምር ይናገር ነበር። «ትክክለኛው» የሚለው ቃል እንዴት እንደማረከኝ ዛሬ ሳስበው ይገርመኛል። እስከዚያ ቀን ድረስ እናገረው የነበረው እንግሊዝኛ ሁሉ ሐሰተኛ መስሎ ታየኝ።

መምህራችን ትጉህ ሰው ነበር፤ ነፍሱን አይማረው ብዬ የማማው አይደለም። አንድ ቀጭን ወረቀት በአፋችን ፊት ያስይዘንና «ፔይመንት» በሉ ይለናል። ወረቀቱ ካልተርገበገበ ተሳስተናል ማለት ነው። «ይህ እኮ የጴጥሮስ ጴ አይደለም! ትንፋሽ ይውጣ!» እያለ ይቆጣል። ከአናባቢ በኋላ የመጣ «ር» በለንደን እንደማይሰማ፣ የሚያመለክተው አናባቢው መርዘሙን ብቻ እንደሆነ ነገረን። የእኛ ሰባት አናባቢዎች ለእንግሊዝኛ ሃያ ያህል አናባቢ ድምፆች እንደማይበቁ፣ በዚህም ምክንያት «መርከብ»ንና «በግ»ን አንድ አድርገን እንደምንጠራቸው አሳየን። «ስኬጁል» አሜሪካዊ ነውና «ሼጁል» በሉ አለን። ዕዳ የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል «ደብት» ሳይሆን «ዴት»፣ ደረሰኝም «ሪሲፕት» ሳይሆን «ሪሲት» መባሉን ሳውቅ፣ ከእንግዲህ ነጋዴ መሆኔ የማይቀር መሰለኝ።

ደብተሬ ውስጥ ከሰባት መቶ በላይ ቃላት ጻፍኩ። ኢንቮይስ፣ ክዎቴይሽን፣ ሊያቢሊቲ፣ ፔነልቲ፣ ዲስካውንት... እያንዳንዱን ከመስታወት ፊት ቆሜ ደጋገምኩት። እናቴ ከጓዳ ሆና «ይህ ልጅ ከማን ጋር ነው የሚነጋገረው?» ትል ነበር። እውነቷን ነው፤ ከማንም ጋር አልነበረም።

እዚህ ላይ ትንሽ ገታ አድርጌ፣ ይህ የአጠራር ፍቅር ከየት እንደመጣብን ልጠይቅ። አገራችን የባዕድ ቋንቋን ወደ አፏ ያስገባችው በየዘመኑ በመጣው እንግዳ ልክ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ እ.ኤ.አ. በ1908 ትምህርት ቤታቸውን ሲከፍቱ ያስተምሩ የነበሩት ከግብፅ የመጡ ኮፕቶች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ የገባው የባቡር ሐዲድ በዚችው በዱከም አልፎ የተዘረጋው በፈረንሳይ ኩባንያ ነው። እስከ ጣልያን ወረራ ድረስ የተማረ ሰው ምልክት ፈረንሳይኛ ነበረ። ኩባንያው ሄዷል፤ «ለገሃር» የሚለው ስም ግን ከአፋችን አልወጣም። ጣልያን አምስት ዓመት ቆይቶ ሲባረር ካቻቪቴውን፣ ፒንሳውንና ፍሪሲዮኑን ጋራዥ ውስጥ ትቶልን ሄደ። እንግሊዝኛ የነገሠው ከ1933 ዓ.ም. በኋላ፣ ከእንግሊዝ ጦር ጋር ነው። እ.ኤ.አ. በ1946 የተከፈተው የጄኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤት ስሙን የወሰደውም ከአንድ የእንግሊዝ መኮንን ነው።

እንግሊዝኛውን ያስተማሩን ግን እንግሊዞች ብቻ አልነበሩም። እ.ኤ.አ. በ1950 የተቋቋመውን የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ይመሩ የነበሩት ከካናዳ የመጡ ኢየሱሳውያን ናቸው። በየክፍለ ሀገሩ ሒሳብና ሳይንስ በእንግሊዝኛ ያስተማሩት ብዙዎቹ ሕንዳውያን ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1962 ደግሞ የአሜሪካ የሰላም ጓድ ወጣቶች መጡና በየገጠር ከተማው ተበተኑ። እንግዲህ የአባቶቻችን እንግሊዝኛ ፊደሉ የለንደን፣ ዜማው የሕንድ፣ ቀልዱ የአሜሪካ፣ ትንፋሹ ደግሞ የሐበሻ ነው። «ትክክለኛው የብሪታንያ አጠራር» የተባለውማ በራሷ በብሪታንያ እንኳ ከሕዝቡ ጥቂቱ ብቻ የሚናገረው፣ ከሀብታሞች ትምህርት ቤት የወጣ የአንድ መደብ ቅላጼ ነው። እኔ ከቃሊቲ ታክሲ እየተጋፋሁ ስገዛ የነበረው ቋንቋ ሳይሆን የመደብ ልብስ ኖሯል።

ለማንኛውም ልብሱ ሠራልኝ። በ2005 ዓ.ም. ከዱከም ፋብሪካዎች በአንዱ በግዥ ክፍል ተቀጠርኩ። ስሙን መጥራት አያስፈልግም። በቃለ መጠይቁ ዕለት «ሼጁል» ስል ጠያቂዎቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። በዚያች ቃል የተቀጠርኩ ያህል ይሰማኛል።

ፋብሪካው ውስጥ በቀን አራት ቋንቋ ይሰማል። ሠራተኛው ከሠራተኛው ጋር በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ ያወራል። አለቆቹ በቻይንኛ ይነጋገራሉ። እንግሊዝኛ ደግሞ የወረቀት ቋንቋ ነው፤ የማንም እናት አልተናገረችውም፣ ግን ሁሉም የሚፈርመው በእርሱ ነው።

አንድ ቀን በምሳ ሰዓት አዲስ የተቀጠሩ ሠራተኞች፣ አብዛኞቹ ከዱከምና ከቢሾፍቱ አካባቢ የመጡ ወጣት ሴቶች፣ የሥራ ውላቸውን ይዘው ከበቡኝ። ሦስት ገጽ ነው፤ በአንድ በኩል እንግሊዝኛ፣ በሌላው ቻይንኛ። «ጋሼ፣ አንተ እንግሊዝኛ ትችላለህ፤ እስቲ አንብብልን» አሉኝ። እኔም ወንበር ላይ ቆምኩ ማለት ይቀላል። ድምፄን አስተካክዬ፣ «ር»ዋን እየዋጥኩ፣ ትንፋሼን እያወጣሁ አነበብኩላቸው። ከዚያም ተረጎምኩ። በዓመት መጨረሻ ስለሚሰጥ የአንድ ወር ደመወዝ ማበረታቻ የሚናገረው አንቀጽ ላይ ስደርስ፣ ድርጅቱ «ሜይ ፔይ» ይላል። እኔ በአማርኛ «ይከፍላል» አልኩ። ለኦሮምኛ ተናጋሪዎቹ ደግሞ «ኒ ዳንዳአ» ማለት ሲገባኝ፣ መክፈል ይችላል ማለት ሲገባኝ፣ «ኒ ኬና» አልኳቸው፤ ይሰጣል።

አጨበጨቡልኝ። ፈረሙም።

ዓመቱ አለቀ። ማበረታቻው አልመጣም። ሴቶቹ ቢሮ ሄደው ሲጠይቁ እኔም ለማስተርጎም ተጠራሁ። ሥራ አስኪያጁ እንግሊዝኛው ሻካራ ነው፤ የእኔ መምህር ቢሰማው ወረቀቱን አስይዞ ያውለው ነበር። ሰውየው ግን ውሉን ገለጠ፣ በእስክሪብቶው ጫፍ አንዲቷን ቃል ነካ፣ «ሜይ» አለ። ቀጥሎም «ኖ ሻል» አለ። ሌላ ምንም አልተናገረም፤ መናገርም አላስፈለገውም። እርሱ ቃሏን መጥራት አይችልበትም ነበር፤ ክብደቷን ግን ያውቃል። እኔ አሳምሬ እጠራታለሁ፤ ክብደቷን አላውቅም።

ከመካከላቸው በዕድሜ ጠና ያሉ አንዲት ሴት ወደ እኔ ዞር ብለው፣ «አንተ ልጅ፣ እንግሊዝኛህስ ያምራል። ግን ምን አደረግንህ?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ዛሬም የለኝም።

ያን ምሽት ደብተሬን አውጥቼ ፈለግኩ። «ሜይ» የሚለው ቃል አለ። ከጎኑ የጻፍኩት «ግንቦት፤ እንዲሁም በትሕትና ፈቃድ መጠየቂያ» የሚል ነው። በሳቅም በብስጭትም መካከል ሆንኩ። ኢትዮጵያ ውስጥ ትምህርት ቤት የገባ ሰው ሁሉ «ሜይ»ን የሚያውቃት ከክፍል ለመውጣት ነው! «ኤክስኪዩዝ ሚ ቲቸር፣ ሜይ አይ ጎ አውት?» እያልን አሥራ ሁለት ዓመት እጃችንን አወጣን። ከፈቃድ ለማኝ አፍ ስትወጣ ትሕትና የሆነችው ቃል፣ ከአሠሪ ብዕር ስትወጣ ማምለጫ በር መሆኗን ማንም አልነገረንም። «ሻል» ግዴታ ነው፤ «ሜይ» ምርጫ ነው። ሰባት መቶ ቃላት ሸምድጄ እነዚህን ሁለቱን ማነጻጸር ቀርቶብኝ ነበር።

ውድ አንባቢዬ፣ ይህ ነገር አዲስ መስሎሃል? ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመውን የውጫሌ ውል አስታውስ። የአንቀጽ 17 ጠብ ምን ነበር? የአማርኛው ቅጂ ንጉሠ ነገሥቱ ከአውሮፓ መንግሥታት ጋር ለሚያደርጉት ጉዳይ በጣልያን መንግሥት አጋዥነት መጠቀም ይቻላቸዋል ይላል። የጣልያንኛው ቅጂ ግን ያንን ግዴታ አደረገው፤ ሮማም በዚያ ቃል ኢትዮጵያ ጥገኛዬ ናት ብላ ለአውሮፓ አስታወቀች። በ«ይቻላል» እና በ«ይገባል» መካከል ያለው ክፍተት ነው እንግዲህ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ በደም የተሞላው። ምኒልክ የጣልያንኛውን አጠራር አሳምረው ይችሉ እንደሆነ የጠየቀ የለም። የተጠየቀው ቃሉ ምን ያስገድዳል የሚለው ነበር። እኔ ደግሞ ከመቶ ሃያ ዓመት በኋላ፣ በዓድዋ ልጅነቴ እየኮራሁ፣ ያንኑ ስሕተት በምሳ ሰዓት ደገምኩት።

ሌላም ምስክር አለ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ፈረንሳይኛ አቀላጥፈው የሚናገሩ ሰው ነበሩ። ሆኖም ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ጄኔቭ ላይ በመንግሥታቱ ማኅበር ፊት ሲቆሙ፣ የጣልያን ጋዜጠኞች በፉጨት እያወኳቸው፣ የተናገሩት በአማርኛ ነው። ምክንያቱን እንደየመልካችን ልንተረጉመው እንችላለን። እኔ የሚታየኝ፣ ነገሩ እጅግ በከበደበት ቀን ሰው እያንዳንዱን ቃል ወደሚያምንበት ቋንቋ እንደሚመለስ ነው።

መንግሥታችንም ይህን ለራሱ ሲሆን በደንብ ያውቀዋል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 106 የመጨረሻው ሕጋዊ እውቅና የአማርኛው ቅጂ መሆኑን ይደነግጋል። በአዋጅ ቁጥር 3/1987 የተቋቋመው ፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ይታተማል፤ በሁለቱ መካከል ልዩነት ቢገኝ የሚጸናው አማርኛው ነው። ከውጫሌ የተማረ መንግሥት የሚያደርገው ይህንን ነው። ያቺ ዱከም ላይ የፈረመች ልጅ ግን ምን አላት? የውሏ የመጨረሻ መስመር «ልዩነት ቢፈጠር የእንግሊዝኛው ቅጂ ይጸናል» ይላል። መንግሥት ለራሱ የሠራውን አጥር ለዜጋው ለምን አይሠራም? ሠራተኛ የሚፈርመው ውል ሠራተኛው በሚያነበው ቋንቋ፣ በአፋን ኦሮሞም ይሁን በአማርኛ፣ ይቅረብ፤ ያም ቅጂ ይጽና ማለት የቅንጦት ጥያቄ ነው? ኢንቨስትመንት ያባርራል የሚሉ አሉ። የሚከፍለውን በግልጽ መጻፍ የሚያባርረው ባለሀብት ካለ፣ መንገዱን ጨርቅ ያድርግለት።

እስከዚያው ድረስ ግን እንግሊዝኛውን መማራችን አይቀርም፤ መማርም አለብን። ምኑን እንማር ነው ጥያቄው። ቃል ማለት ገንዘብ የሆነባቸውን ቦታዎች እንማር። «ግሮስ» ላይ ተስማምቶ «ኔት» ሲደርሰው የሚደነግጥ ስንቱ ነው? የአሠሪና ሠራተኛ ሕጉ የሙከራ ጊዜን ቀድሞ 45 ተከታታይ ቀናት ያደርገው ነበር፤ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ግን 60 የሥራ ቀናት አለ። «ተከታታይ» ወጥቶ «የሥራ» ሲገባ፣ በሳምንት ስድስት ቀን ለሚሠራ ሰው አሥር ሳምንት ሆነ ማለት ነው። ዕቃ በሚላክበት ውል ላይ «ኤፍኦቢ ጅቡቲ» ከተባለ፣ ሻጩ ዕቃው ጅቡቲ ላይ መርከብ እስኪጫን ድረስ ያለውን ኃላፊነት ይሸከማል፤ «ሲአይኤፍ» ከሆነ ደግሞ የመርከቡን ጭነትና የመድን ዋስትናውንም ጭምር ይከፍላል። ከዱከም ጅቡቲ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በዚያ ሁሉ መንገድ ላይ ዕቃው ቢገለበጥ ማን ያለቅሳል? መልሱ በሦስት ፊደላት ውስጥ ነው። እነዚያን ፊደላት በኦክስፎርድ ቅላጼም በዱከም ቅላጼም ቢጠሯቸው ዕዳው አይለወጥም።

አጠራር ዋጋ የለውም እያልኩ እንዳልሆነ ይታወቅልኝ። በስልክ «ፊፍቲን» ጥቅል ጨርቅ ያዘዝኩ መስሎኝ «ፊፍቲ» ተጭኖ የመጣበት ቀን ነበር፤ በአሥራ አምስትና በሃምሳ መካከል ያለው ልዩነት በአብዛኛው ኃይሉን የት ላይ እንደምንጥል ነው። መምህሬ ይህን አስተምሮኝ ነበር፤ በጊዜው የያዝኩት ግን ውበቱን እንጂ ጥቅሙን አልነበረም። አጠራር እንዲሰሙን ይበቃል። ከዚያ ያለፈው ጌጥ ነው። እኛ ግን ጌጡን ዕውቀት አደረግነው። ባለሥልጣን በእንግሊዝኛ ሲናገር የምንለካው በቅላጼው ነው፤ አንዲት ቃል ቢያጣምም ሳምንት ሙሉ እንስቅበታለን። ምን እንደፈረመ ግን አንጠይቅም! ልጆቻችንን እንግሊዝኛ ያውራ እንጂ ምን ያውራ ሳንል በውድ ክፍያ እናስገባለን። በማኅበራዊ መገናኛ ብዙኃን ሲቀለድበት የሚውለው ሰው ምናልባት ውሉን መስመር በመስመር ያነበበው እርሱ ብቻ ይሆን ይሆናል።

ከዚያ ፋብሪካ ከወጣሁ ቆየሁ። አሁን እሑድ እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ ሰፈራችን ካለች አንዲት ሻይ ቤት ጥቂት ወጣቶች ይመጡልኛል። ገንዘብ አላስከፍላቸውም፤ ዕዳ እየከፈልኩ ነው። መስታወትም ወረቀትም የለንም። ውሎች እናነባለን። ግሱን እናሰምርበታለን፤ «ያስገድዳል ወይስ ይፈቅዳል? ማንን?» ብለን እንጠይቃለን። ከዚያ በኋላ ነው ወደ አማርኛ፣ ወደ አፋን ኦሮሞ የምንመልሰው።

ባለፈው ሰሞን ከመካከላቸው አንዲቱ አዲስ ሥራ ልትቀጠር ሄዳ ነበር። ተመልሳ የነገረችኝን እነሆ። የሰው ኃይል ኃላፊው ውሉን አቀበላትና «ሳይን ሂር» አላት። እርሷም አንገቷን ደፍታ አነበበች፤ ከዚያ ጣቷን አንዱ መስመር ላይ አድርጋ፣ ፊደሎቹን ሁሉ አንድ በአንድ እየጠራች፣ «ር»ዋን እንደ እኛ አገር «ር» እያንቀጠቀጠች፣ «ኤክስኪዩዝ ሚ ሰር፤ ዚስ ዎርድ፣ ሜይ ኦር ሻል?» ብላ ጠየቀችው።

«ምን መለሰልሽ?» አልኳት።

«አለቃዬን ልጠይቅ ብሎ ወረቀቱን ይዞ ገባ፣ ጋሼ» አለችኝ። «እስካሁን አልወጣም።»

እየጠበቅን ነው። ቸር ይግጠመን።